ብቻን ወደ ስሜን ስለ መጓዝ

(በተማሪዎች ኅብረት የማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ይህ ስብሰባ ከመጠራቱ በፊት በምግብ አዳራሹም በመኝታ ቤቱም አንድ ጥያቄ ሲመላለስ ሰንብቷል። «ገበሬው በእግሩ የሚሄደው ወዶ አይደለም፤ ሴቲቱ እንስራ አዝላ ዳገት የምትወጣው ደስ ብሏት አይደለም፤ ታዲያ አውቶቡስ እያለለት፣ ገንዘቡን ከፍሎ፣ ስንቁን ተሸክሞ፣ ብቻውን ከተራራ ተራራ የሚዞር ተማሪ ምን ይባላል?» ይላሉ። ጠያቂዎቹ መልሱንም አዘጋጅተው ነው የመጡት፤ «የፈረንጅ ቅብጠት» ብለውታል። አንድ ወዳጃችንማ «እናንተ የምትወጡበት ተራራ ላይ ያለው ሰው ለመውረድ መኪና ይጠብቃል» ብሎ አስቆናል፤ ከሳቅን በኋላ ግን ነገሩን ስናስበው አደርን።

እኛ የምንባለው በሚመጣው የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት፣ የአገሩ ሁኔታ ከፈቀደ፣ የስሜንን ተራሮች በእግር ለማቋረጥ የተዘጋጀን አራት ተማሪዎች ነን። የምንሄደው ግን አራት ሆነን አይደለም። የመጀመሪያው ከደባርቅ በተነሣ በሁለተኛው ቀን ቀጣዩ ይነሣል፤ እንዲህ እያለ እያንዳንዱ በዚያው መንገድ ብቻውን ይጓዛል። የኋላው የፊተኛውን ወሬ በየመንደሩ እየጠየቀ ይሄዳልና አንዱ ቢታመም ወይም ቢቀር በሁለት ቀን ውስጥ የሚፈልገው ሰው አለው። መንገዱም ከደባርቅ ወደ ሳንቃበር፣ ከሳንቃበር ወደ ግጭ፣ ከግጭ ወደ ጨነቅ፣ ከዚያም የቧሂትን በር አልፎ፣ የመሸሃን ወንዝ ተሻግሮ፣ አምቢቆ አድሮ ወደ ራስ ደጀን የሚያወጣው ነው።

ስለ ፈረንጅነቱ አስቀድመን እንናገር። የአገራችን ተማሪ ብቻውን ተራራ ማቋረጥ የጀመረው እንዲህ ያለ ዩኒቨርስቲ በአገሩ ላይ ከመቆሙ ከብዙ ዘመን በፊት ነው። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ዱላውን ይዞ ከቤት ሲወጣ ብዙ ጊዜ ለአባትና ለእናቱ እንኳ አይናገርም ነበር። ከአገሩ ርቆ የሚሄድበትም ምክንያት ነበረው። በቅርብ ከተማረ ዘመድ ይመጣል፤ ከብት ጠባቂ ጠፋ፣ እርሻው አረም ዋጠው፣ ተመለስ ይባላል። ስለዚህ ስሙን የሚያውቅ፣ የማን ልጅ እንደሆነ የሚናገር ሰው ወደሌለበት አገር ይሻገራል። ቅኔ ሲሻ ጎጃም ዋሸራ ይወርዳል፤ ድጓ ሲያምረው ወደ ጋይንት ቤተልሔም ይወጣል፤ ዝማሬ መዋሥዕት ሲል ዙር አምባ፣ አቋቋም ሲል ጎንደር በአታ፣ ቅዳሴ ሲል ሰላልኩላ ይሄዳል። ትምህርቱ ሁሉ በየራሱ ተራራ ላይ የተቀመጠ ነበርና ከአንዱ ጉባኤ ቤት ወደ ሌላው መዛወር ማለት ዐባይን መሻገር፣ የጉናን ብርድ መቅመስ ማለት ነበር። ከትምህርቱ ሳይወጣ ሃያ ዓመት የቆየ አለ። እኛ አንድ ኮርስ ለመድገም ስንታዘዝ ኡኡ እንላለን።

ይህ ሰው በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል መጀመሪያ የሚቀበለው ውሻ ነው። ዱላው ለዚያ ነበር። ቀጥሎ ባለቤቲቱ ትወጣለች፤ ከቆሎው፣ ከዳቦው፣ ያም ከሌለ ከደረቁ እንጀራ ትሰጠዋለች። ልብ እንድትሉልን የምንፈልገው ይህን ነው፤ ያ ተማሪ ብቻውን ሄደ ይባላል እንጂ አገር በሙሉ ተሸክሞት ነው የሄደው። የትምህርቱን ወጪ የቻለችው ዛሬ ስሟ በየትም መዝገብ ላይ የማይገኝ የዳገት ላይ ሴት ናት። የዛሬውን ዩኒቨርስቲ የሚያኖረው ግብር ከየት እንደሚመጣ የሚጠይቅ ተማሪ ካለ፣ መልሱ ያን ያህል የራቀ አይመስለንም።

በ1964 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ዩኒቨርስቲ አገልግሎት የተባለው በተጀመረ ጊዜ ተማሪው ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት እየሄደ እንዲያገለግል ተደርጎ ነበር። ከእኛ በፊት የነበሩት ተማሪዎች የአገራቸውን ሰው በዚያ መንገድ አወቁት፤ ብዙዎቹም እንደሄዱ ሆነው አልተመለሱም ይባላል። እኛን ማንም አላዘዘንም። ይህም ለወቀሳው በር ይከፍታል፤ «የቆሎ ተማሪው ወደ መምህር ነበር የሚሄደው፣ የአገልግሎቱ ተማሪ ለማስተማር ነበር የሚሄደው፣ እናንተ ወደ ማን ነው የምትሄዱት?» ብትሉን ጥያቄው ተገቢ ነው።

መንገዳችን ለስሜን ገበሬ አንድ ቁና ገብስ አይጨምርለትም። ይህን ደብቀን «ሕዝብን ለማገልገል ነው» ብንላችሁ እንዋሻለን። ነገር ግን በዚህ አዳራሽ ውስጥ ከተቀመጥነው መካከል ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጤና ጣቢያ የት ይሠራ፣ መንገድ በየት ይለፍ፣ የትኛው መንደር ይነሣ የሚል ወረቀት ላይ የሚፈርም አይጠፋም። ያ ሰው ካርታ ፊቱ ላይ ይዘረጋል። በካርታው ላይ ከጨነቅ እስከ አምቢቆ ያለው አንድ ጣት ያህል ነው። በእግር ግን መጀመሪያ ከ3600 ሜትር ተነሥቶ 4200 ሜትር ገደማ ወደሆነው የቧሂት በር ይወጣል፤ ከዚያ ከ1300 ሜትር የማያንስ ቁልቁለት ወደ መሸሃ ይወረዳል፤ ወንዙ ከተሻገሩት በኋላ እንደገና ዳገት ነው። ናይዝሚዝ የተባለ የስኮትላንድ ተራራ ወጪ በ1892 እ.ኤ.አ. ለመንገደኛ የሚሆን ስሌት ትቶ ነበር፤ በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር ሂድ፣ ለየ600 ሜትሩ ዳገት ደግሞ አንድ ሰዓት ጨምር ይላል። በዚህ ስሌት ከመሸሃ ዳር ተነሥቶ ራስ ደጀን ጫፍ ለመድረስ ዳገቱ ብቻ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ምንም አይቀረው፤ የአየሩን መሳሳት ገና አልቆጠርነውም። እንግዲህ ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክመው በዚያ የሚወጡትን ሰዎች አስቡ። የመኪና መንገድ ወደዚያ አገር ከገባ ወዲህ እንኳ ከመንገዱ የራቀው መንደር ብዙ ነው። ይህን ርቀት በጉልበቱ የለካ ሰው ወረቀቱ ላይ ከመፈረሙ በፊት ትንሽ ይዘገያል ብለን እናምናለን። ተስፋችን ይህችው ናት።

«ይህስ ይሁን፣ ብቻ መሄድ ለምን?» የምትሉም አላችሁ። በእንጦጦ ላይ በየሳምንቱ መጨረሻ ጓዛችንን ተሸክመን ስንለማመድ አንዳንድ ጊዜ በአንድነት፣ አንዳንድ ጊዜ በየግላችን ሄደን ነበር። በአንድነት ስንሄድ ስለ ፈተናና ስለ እግር ኳስ እየተጫወትን እንወጣለን፤ እንጨት ተሸካሚዎቹ እናቶች ሰላምታ ሰጥተውን ያልፋሉ፤ እኛም እናልፋለን። በየግላችን ስንሄድ ግን ሸክማቸውን አስደግፈው «ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው ብቻህን?» ይላሉ። ለብቻ መንገደኛ ሰው ያዝንለታል፤ ይጠረጥረዋልም። በሁለቱም ምክንያት ያናግረዋል። የማን ልጅ ነህ፣ ከየት መጣህ፣ ምን ጠፍቶህ ነው የሚለውን ጥያቄ መመለስ ግዴታው ይሆናል። ቡድን ቤቱን ተሸክሞ ይዞራል፤ ድንኳኑም፣ ጨዋታውም፣ ምግብ አብሳዩም ከእርሱ ጋር ነው። ብቻውን የሆነ ግን ከመሸ የሰው ደጅ ላይ ቆሞ «ቤቶች፣ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ከማለት በቀር ምርጫ የለውም።

በነገራችን ላይ፣ በፓርኩ ክልል ውስጥ ፍጹም ብቻ መሆን አይቻልም። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሕግ የተቋቋመው በ1969 እ.ኤ.አ. ነው፤ በ1978 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ደባርቅ ላይ ተመዝግቦ፣ የሚከፈለውን ከፍሎ፣ ጠመንጃ የያዘ ጥበቃ ተቀብሎ መግባት ሥርዓቱ ነው። ከእኛ አንዱ በዚህ ተቆጥቶ «ታዲያ ምኑን ብቻ ሆነ?» ብሎ ነበር። የቀረነው ግን ደስ ብሎናል። ጥበቃው የዚያው አገር ልጅ ነው፤ የትኛው ምንጭ በየካቲት እንደሚደርቅ፣ የትኛው ቤት ሐዘን ላይ እንደሆነና እንግዳ መጫን እንደማይገባው የሚያውቀው እርሱ ነው።

እንግዳ ነኝ ማለት ደግሞ በነፃ መብላት ማለት አይደለም። በዚያ ከፍታ የሚበቅለው በብዛት ገብስ ነው፤ አንድ እንግዳ በአንድ ምሽት የሚበላው ከልጆቹ ቁርስ ላይ የሚነሣ ሊሆን ይችላል። ባለቤቲቱ ይህን አትናገርም። ውሃ አሙቃ እግርህን ላጥብ ብትል እንኳ አትገረሙ፤ በአገሩ ደንብ እንግዳ እግሩን ይታጠባል። ገንዘብ ፊት ለፊት መስጠት ደግሞ እንደ ስድብ የሚቆጠርበት ቤት አለ። ስለዚህ ቡናና ጨው ይዘን እንሄዳለን። ቡና በዚያ ብርድ አይበቅልም፤ ከገበያ ተገዝቶ የሚመጣ ነው፤ ክብደቱም ቀላል ነው። እንግዳው ቡናውን አውጥቶ «እማማ፣ አንቱ ያፍሉልን» ሲል ማንም አይዋረድም። ከስንቃችንም ማካፈል አለብን፤ ተማሪ ከረጢቱን አቅፎ ጥግ ላይ ሲበላ ማየት የሚያሳፍር ነገር ነው።

ስለ ግጭ ሁለት ቃል ሳንናገር አናልፍም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያ ሜዳ ላይ ትልቅ መንደር ነበረ። በ2016 እ.ኤ.አ. ከ400 በላይ አባወራዎች ከዚያ ተነሥተው ወደ ደባርቅ ዳርቻ ሰፈሩ። ምክንያቱ የታወቀ ነው፤ እርሻውና ግጦሹ ጓሳውን ጨርሶ፣ ዋልያውንና ቀይ ቀበሮውን ወደ ገደል ጫፍ ገፍቷቸው ነበር፤ ፓርኩም ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቶ ቆይቶ በ2017 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው። ዋልያ ከስሜን በቀር በዓለም ላይ ሌላ አገር የለውም፤ ይህ ክርክር የማያስፈልገው እውነት ነው። ገበሬውስ ሌላ አገር ነበረው ወይ? ሣሩ ተመልሶ ሲያድግ ማየት ደስ ያሰኛል፤ እንጀራ የተጋገረበት ምድጃ ፍራሽ ከሣሩ ሥር ሲገኝ ግን ደስታው ይጎድላል። ከእኛ መካከል ሁለቱ መንደሩ መነሣቱ የግድ ነበር ይላሉ፤ ሁለቱ አይሉም። ስለዚህ መንገዳችንን ከሳንቃበር ሳይሆን ደባርቅ ካሉት ከግጭ ሰዎች ቤት ለመጀመር ተስማምተናል። ስለ ሜዳው መጀመሪያ የምንሰማው ከእነርሱ ይሆናል።

አሁን ወደ ሥጋችን እንምጣ። ራስ ደጀን ስሙን ብዙዎቻችን «ዳሸን» ተብሎ በቢራና በባንክ ላይ ያወቅነው ተራራ ነው። ቁመቱ በድሮ መማሪያ መጻሕፍት 4620 ሜትር ይባል ነበር፤ በኋላ 4533 ሜትር መባሉ ተለመደ። በ1841 እ.ኤ.አ. ፌሬና ጋሊኒዬ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ መኮንኖች ጫፉ ላይ እንደደረሱ ተጽፏል፤ መንገዱን ያሳያቸውን እረኛ ግን የጻፈው የለም። በዚያ ከፍታ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከስድሳ በመቶ በታች ነው። አዲስ አበባ የኖረ ሰው ለ2400 ሜትር ለምዷልና ከባሕር ዳርቻ ከመጣ ሰው ይሻላል፤ መኩራት ግን አያስፈልግም። ከ3000 ሜትር በላይ የሚያድሩበትን ቦታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አለማሳደግ የሐኪሞች ምክር ነው። ራስ ምታቱ ካልለቀቀ፣ ማስታወክ ከመጣ፣ እግር ከተወላገደ መድኃኒቱ መውረድ ነው። ሌሊትም ቢሆን መውረድ ነው።

አንድ የፊዚክስ ነገር ደግሞ አለ። በ4000 ሜትር ላይ ውሃ የሚፈላው በ87 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ባቄላም ምስርም ቶሎ አይበስልም፤ እንጨት ግን ይጨርሳል። እንጨቱ ደግሞ አስታ ነው፤ እርሱን መቁረጥ ተራራውን መላጨት ነው። አባቶቻችን ቴርሞሜትር ሳይኖራቸው መልሱን ያወቁት ይመስለናል፤ በሶና ቆሎ እሳት አይፈልጉም። በሶው በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ ይጠጣል፤ ዳቦ ቆሎው ሳምንት አልፎ ሳምንት አይበላሽም። በጣሳ ከታሸገው ምግብ ጋር አመዛዝነን፣ ስንቃችንን በዚህ አድርገናል። የእያንዳንዳችን ሸክም ከውሃው ጋር ዐሥራ ሁለት ኪሎ ነው። ከዚህ ውስጥ አንድ ወፍራም ጋቢ አለ፤ በየሺሁ ሜትር ዳገት ስድስት ዲግሪ ያህል ብርድ ይጨምራልና በየካቲት ሌሊት በጨነቅ ውሃ በኮዳ ውስጥ ቢረጋ አያስደንቅም። ለውሃው ማጣሪያ የክሎሪን ጠብታ ይዘናል። ለቁንጫ ግን ያገኘነው መፍትሔ የለም፤ መምህራኖቻችን የሚያውቁት ካለ ከስብሰባው በኋላ ይንገሩን።

የገበሬውን የርቀት አነጋገርም መማር ያስፈልጋል። «ይቺውና» ካለ ሁለት ሰዓት ነው። «ከማዶ» ካለ ስንቅ ቋጠር። «ትንሽ ይርቃል» ካለ ማደሪያ ፈልግ። ምንም ሆነ ምን ከቀኑ ዐሥር ሰዓት በፊት ማደሪያ መያዝ ደንባችን ነው፤ ፀሐይዋ በዚያ አገር አትለማመጥም፣ ገደሉም በአንዳንድ ሥፍራ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል።

እኅቶቻችን ከመካከላችን ለምን እንደሌሉ የጠየቀች አለች። አራተኛውን ቦታ የያዘችው እኅታችን ናት፤ ዛሬ ከፊት ወንበር ተቀምጣለች። ቤተሰቦቿን ለማስፈቀድ የፈጀችው ጊዜ ሦስታችን ለመለማመድ ከፈጀነው ይበልጣል። በየቤቱ ከሴቶቹ ጋር ታድራለች፤ እኛ ዓመት ብንቀመጥ የማይነገረን ነገር በአንድ ሌሊት ይነገራታል ብለን እንቀናለን።

የመጨረሻው ጉዳይ ከሁሉ የከበደው ነው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ያ አካባቢ ደም ያየ አካባቢ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታውጆ ነበር፤ ዐዋጁ ካለቀ በኋላም ተኩሱ አላለቀም። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ወንድም የጠፋበት፣ ቤተሰቡን ለመጠየቅ መንገድ የተዘጋበት ተማሪ አለ። እርሱ ፊት ቆሞ ስለ ሽርሽር ማውራት ነውር ነው ያሉን አሉ፤ የተናገሩት በቅንነት ነውና አልተከራከርናቸውም። ነገር ግን እንዲህ አስበናል። ብቻውን የሚሄድ ሰው ለማንም አያሰጋም፤ ራሱ ግን ለሁሉ የተጋለጠ ነው። ደግሞም አደጋው በእኛ ብቻ አይቀርም፤ ያሳደረን ቤት «ማንን ነበር ያሳደርከው?» ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። በሰው ቤት ላይ ጣጣ ጥሎ መሄድ መብታችን አይደለም። ስለዚህ ውሳኔውን ለራሳችን አልተውነውም። ከመነሣታችን በፊት ደባርቅ ካሉ ሽማግሌዎችና ከፓርኩ ጥበቃዎች በስልክ እንጠይቃለን፤ ከእነርሱ አንዱ «ዘንድሮ ይቅርባችሁ» ካለ ይቀራል። ያን ጊዜ ጓዛችንን ፈትተን በሶውን እዚሁ እንጠጣዋለን፤ ለከርሞም እንጠይቃለን። ደፋር ለመባል ብለን የምንሄድበት መንገድ የለም።

ከደባርቅ፣ ከጃናሞራ፣ ከበየዳና ከአዲ አርቃይ የመጣችሁ ጓደኞቻችን፣ ስልክ ወደማይገባበት መንደር ለቤተሰብ የምትልኩት ደብዳቤ ወይም ፎቶግራፍ ካለ ስምና ቀበሌ ጽፋችሁበት እስከ ዓርብ ድረስ በኅብረቱ ጽሕፈት ቤት አስቀምጡልን። ክብደቱ ከሩብ ኪሎ ባይበልጥ ደስ ይለናል። ለእናቱ ሙሉ ብርድ ልብስ ልላክ ያለን ወዳጃችን በበቅሎ ይላክ።